አፓርታይድና የደቡብ አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት

የአፓርታይድ ሕጎች በፓርላማ ከመጽደቃቸው ከዘጠና ዓመት በፊት ልማዱ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥር ሰድዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1829 የኬፕ ደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ፣ ቅዱስ ቁርባን ለአማኞች ሁሉ ያለ ቀለም ልዩነት በአንድነት እንዲሰጥ ወስኖ ነበር። በ1857 ግን አንዳንድ ነጮች ከጥቁሮች ጋር አንድ ጽዋ መጠጣት እንዳስጨነቃቸው ተሰማ። ሲኖዶሱም አብሮ ማምለክ መጽሐፋዊ መሆኑን አምኖ፣ “ለአንዳንዶች ድካም” ሲባል ግን ተለያይቶ ማምለክ ይቻላል አለ። ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔን የሚያመኝ ይህ ነው፤ እውነቱ እየታወቀ የደካማው ነጭ ስሜት ከጥቁሩ ወንድም ክብር በለጠ። በልዩ አስተያየት የተፈቀደው ነገር ውሎ አድሮ ሥርዓት ሆነ፤ በ1881 ክልስ ለሆኑት አማኞች የራሳቸው የተለየ ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመላቸው።

ጥቁሮቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1892 ማንጌና ሞኮኔ የተባለ ሰባኪ፣ የጥቁርና የነጭ አገልጋዮች አያያዝ መለያየት አንገፍግፎት ከዌስሊያን ሜቶዲስት ወጣና በፕሪቶሪያ “የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን”ን መሠረተ። ስሙን የወሰደው ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር እንደምትዘረጋ ከሚናገረው መዝሙር ነው። ይህም ከአድዋ ድል አራት ዓመት ቀድሞ ነው።

በ1948 የአፓርታይድ መንግሥት መሪ ሆኖ ሥልጣን የያዘው ዳንኤል ማላን ራሱ ፖለቲካ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። የሃይማኖት ምሁራንም የባቢሎንን ግንብ ታሪክ እየጠቀሱ ሕዝቦችን መለየት የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው እያሉ አስተማሩ። መጋቢት 1960 በሻርፕቪል ፖሊስ 69 ሰዎችን ከገደለ በኋላ፣ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት በኮትስሎ ጉባኤ ጠራ። የወጣው መግለጫ ለዘብተኛ ቢሆንም ጠቅላይ ሚኒስትር ፌርዉርት ተቆጣ፤ የደች ሪፎርምድ ሲኖዶሶችም መግለጫውን ውድቅ አድርገው ከምክር ቤቱ ወጡ።

ከመግለጫው ያልሸሸው ቤየርስ ናውዴ ነው። ነጭ አፍሪካነር፣ የታዋቂ አገልጋይ ልጅ፣ የአፍሪካነሮቹ ምስጢራዊ የወንድማማቾች ማኅበርም (ብሩደርቦንድ) አባል ነበር። በ1963 ከማኅበሩ ወጣ፤ ዘርን ሳይለይ የሚያሰባስበውን የክርስቲያን ኢንስቲትዩት ሲመራም የአገልጋይነት ማዕረጉን አጣ። ከ1977 ጀምሮ ለሰባት ዓመት ደግሞ መንግሥት እገዳ ጣለበት፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ ማነጋገር አይችልም ነበር።

የትግሉ ወሳኝ መታጠፊያ የመጣው በ1982 ነው። በኦታዋ የተሰበሰበው የሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት አፓርታይድን ለመደገፍ የቀረበውን ሥነ መለኮት ኑፋቄ ሲል ፈረጀ፤ የክልሶቹን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አላን ቦሳክንም ፕሬዚዳንቱ አድርጎ መረጠ። በዚያው ዓመት የክልሶቹ ቤተ ክርስቲያን የቤልሃር የእምነት መግለጫን አረቀቀች፤ በ1986ም አጸደቀችው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተለወጠው፤ ጉዳዩ ከፖለቲካ አስተያየት ልዩነት አልፎ የእምነት ጥያቄ ሆነ። በ1985 የወጣው የካይሮስ ሰነድ ደግሞ ነቀፌታውን ወደ ራሳቸው ወደ ለዘብተኞቹ አብያተ ክርስቲያናት አዞረ፦ ፍትሕ ሳይቀድም እርቅ መስበክ ተጨቋኙን ዝም ማሰኘት ነው አለ።

በ1990 በሩስተንበርግ ጉባኤ ላይ የደች ሪፎርምዱ ምሁር ቪሊ ዮንከር የራሱንም የቤተ ክርስቲያኑንም ኃጢአት ተናዘዘ፤ ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱም ይቅርታውን ተቀበሉ። አንዳንድ ጥቁር ተሳታፊዎች ግን ቱቱ ቸኩለዋል ብለው ቅር አላቸው። ቅሬታው ተገቢ ይመስለኛል፤ ይቅር ባዩ ቱቱ ቢሆኑም መሬቱን የተነጠቀው ገበሬ ገና አልተጠየቀም ነበር። የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን በ1997 ኢስት ለንደን ላይ አብያተ ክርስቲያናትን ሲያደምጥም ይኸው ጥያቄ ተነስቷል። በ1994 የክልሶቹ ቤተ ክርስቲያንና ለጥቁሮች የተለየችው ቤተ ክርስቲያን ተዋሕደው አንድ ሆነዋል፤ ከነጮቹ እናት ቤተ ክርስቲያን ጋር ሊደረግ የታሰበው ውህደት ግን ለአሥርተ ዓመታት ተጓትቷል፤ አንዱ ትልቅ እንቅፋትም ቤልሃርን የመቀበል ጉዳይ ነው።