በመስታወት ሥር ያለ ወረቀት፦ በየቤቱ በፍሬም የተሰቀሉ የዐረብኛና የዐጀም ጽሑፎችን ከእርጥበት ስለመጠበቅ

የኢትዮጵያ እስልምና የጽሑፍ ቅርስ ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስበው በመስጊድ፣ በመድረሳና በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ያሉትን ጥራዞች ነው። ይሁንና ከዚህ ቅርስ አንዱ ክፍል የሚገኘው በጥራዝ መልክ ሳይሆን በነጠላ ወረቀት መልክ፣ በመኖሪያ ቤቶች ግድግዳ ላይ፣ በመስታወትና በእንጨት ፍሬም ውስጥ ነው። ሸይኽ ለደረሳቸው የሰጡት ኢጃዛ፣ የአንድ ቤተሰብ የዘር ሐረግ ወይም የጠሪቃ ሲልሲላ፣ ከተበተነ ሙስሐፍ የተረፈ በቀለም ያጌጠ ቅጠል፣ አያት በእጃቸው የጻፉት የመንዙማ ገጽ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል። ቤተሰቡ ወረቀቱን በመስታወት የሚሸፍነው ሊጠብቀው ብሎ ነው። በተለመደው መንገድ የተሠራው ፍሬም ግን ወረቀቱን ከእጅና ከአቧራ እየጠበቀ ለእርጥበት አሳልፎ ይሰጠዋል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሻው ይህ የሚሆንበትን ምክንያትና ያለ ብዙ ወጪ ሊወሰድ የሚችለውን ጥንቃቄ ነው። ለተመራማሪው ጉዳዩ የቤት ጌጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እነዚህ ነጠላ ወረቀቶች አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቅጂ የላቸውም፤ ማን ከማን እንደተማረ የሚመሰክረው አንድ መስመር ከደበዘዘ በሌላ ቦታ ላይገኝ ይችላል።

ከቀለሙ እንጀምር። በቁርኣን ትምህርት ቤት ያለፈ አንባቢ ሉሕን ያስታውሳል። ተማሪው የዕለቱን ትምህርት በእንጨት ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ከሐፈዘው በኋላ ሰሌዳውን በውሃ አጥቦ ለቀጣዩ ያዘጋጀዋል። ይህ የሚቻለው ቀለሙ የጥላሸትና የሙጫ ውሕድ ስለሆነ ነው። ጥላሸቱ በራሱ እጅግ ጽኑ ነው፤ ብርሃን አያደበዝዘውም፣ ዘመንም አይለውጠውም። ከወረቀቱ ጋር የሚያያይዘው ግን ሙጫው ነው፤ ሙጫው ደግሞ በውሃ ይሟሟል። የቀድሞ ጸሐፍት ይህን እንደ ጉድለት አልቆጠሩትም፤ እንዲያውም የተሳሳተውን ፊደል በርጥብ ነገር ጠርገው ለማረም ተጠቅመውበታል። ያረጁ የሙስሐፍ ቅጠሎች በክብር የሚወገዱበትን መንገድ ያነሡ ሊቃውንት ከመቅበርና ከማቃጠል ጎን ለጎን ማጠብን የጠቀሱትም ከዚሁ ባሕርይ የተነሣ ነው። እንግዲህ በግድግዳችን ላይ የተሰቀለው ጽሑፍ በሉሕ ላይ ከሚጻፈው ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ከሆነ፣ እኛ ሳንፈልግ ሊታጠብ የሚችል ጽሑፍ ነው ማለት ነው።

ሁሉም ጥቁር ቀለም ግን አንድ አይደለም። የዐረብኛ ምንጮች ብዙውን ጊዜ በጥላሸት የተሠራውን «ሚዳድ»፣ ከዕፅዋት ታኒንና ከብረት ጨው የተቀመመውን ደግሞ «ሒብር» ይሉታል፤ ምንም እንኳ በአጠቃቀም ሁለቱ ቃላት የሚደባለቁበት ጊዜ ቢኖርም። በ11ኛው መቶ ዘመን በሰሜን አፍሪካ የነገሠው የዚሪዶች ገዥ አል-ሙዒዝ ኢብን ባዲስ የሚጠራበት «ዑምደት አል-ኩታብ» የተሰኘው መጽሐፍ የሁለቱንም አሠራር ይዘረዝራል። ሒብር በውሃ በቀላሉ አይለቅም፤ ጠላትነቱ ሌላ ነው። በውስጡ ያለው አሲድና ብረት እርጥበት ባገኘ ቁጥር እየሠራ ወረቀቱን ያቃጥለዋል፤ ፊደሉ ወደ ቡናማነት ያደላል፣ በጀርባው ጥላ ያወጣል፣ በመጨረሻም ወረቀቱ በፊደሉ ቅርጽ ይሰነጠቃል። ስለሆነም ጽሑፉ ዛሬም እንደ ጥላሸት ጠቁሮ የሚታይ ከሆነ ሥጋቱ መልቀቅ ነው፤ ቡናማ ሆኖ ዙሪያው ከፈዘዘ ሥጋቱ መበላት ነው። መፍትሔው ግን አንድ ነው፤ ወረቀቱን ደረቅና ሁኔታው በማይለዋወጥ ስፍራ ማኖር።

ስለ ወረቀቱም አንድ ነገር እንጨምር። በሐረር የእጅ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከአውሮፓ የመጣ፣ ወደ ብርሃን ሲያዩት ሦስት ጨረቃ የሚታይበት ወረቀት ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት ቀለም እንዳይመጥ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚገኝ ጄላቲን የተቀባ ነው፤ በሙስሊሙ ዓለም የተሠራው ደግሞ በአብዛኛው ስታርች ተቀብቶ የተወለወለ ነው። ሁለቱም ለሻጋታ ምግብ ናቸው። ሻጋታው የሚጠብቀው እርጥበትን ብቻ ነው።

አሁን ወደ አየሩ እንለፍ። አየር ሊሸከመው የሚችለው የውሃ ተን በሙቀቱ መጠን ይወሰናል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ያህል ተን ይይዛል፤ በ10 ዲግሪ ግን ከ9 ግራም ብዙም አይበልጥም። አንጻራዊ እርጥበት የሚባለው አየሩ በአሁኑ ሰዓት የያዘው ተን ሊይዘው ከሚችለው ውስጥ ስንት በመቶ እንደሆነ የሚገልጸው ልክ ነው። ለወረቀት ከ40 እስከ 55 በመቶ ያለው መልካም ነው፤ ከ65 በመቶ በላይ ለሳምንታት ከቆየ ሻጋታ ሊበቅል ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱም 60 በመቶ ቢሆን ሁሉም ነገር ደኅና ይመስላል። ነገር ግን ያው አየር ከፍሬሙ ጀርባ ገብቶ ወደ 12 ዲግሪ የቀዘቀዘ የውጭ ግድግዳ ሲነካ፣ የያዘው ተን ሳይጨምር እርጥበቱ 100 በመቶ ሊደርስ ይቃረባል። ወረቀቱ የሚኖረው በክፍሉ አየር ሳይሆን በዚያ በጠባቡ ስፍራ አየር ውስጥ ነው። በሳሎኑ መካከል የተቀመጠ መለኪያ መልካም ቁጥር እያሳየ ከፍሬሙ ጀርባ ጤዛ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

በደጋችን ይህ ሁኔታ በክረምት ይበረታል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ግድግዳውን ያርሰዋል፣ ፀሐይ አታደርቀውም፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ በሩና መስኮቱም ይዘጋል። በተዘጋው ቤት ውስጥ ምግቡ ይበስላል፣ ልብስ ይሰጣል፣ ጀበናው ይፈላል። ከድንጋይና ከጭቃ በተሠሩ የቆዩ ቤቶች ደግሞ ውሃ ከመሠረቱ ወደ ላይ ይሳባል፤ ከወለሉ አንድ ሜትር ያህል ድረስ የኖራው ቅብ የሚፈረፈር ከሆነ ምልክቱ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ጥንቃቄ እንግዲህ የቦታ ምርጫ ነው፤ ምንም ወጪ የለውም። ፍሬሙ በሁለት ክፍሎች መካከል ባለ የውስጥ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ከማድቤትና ከመታጠቢያ ክፍል ጋር የሚዋሰነው ግድግዳ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ የሚያፈስበት ጥግ፣ አዲስ የተለሰነና ገና ያልደረቀ ግድግዳ ይቅር። ቡና በሚፈላበትና ዕጣን በሚጨስበት ስፍራ ትይዩም አይሁን፤ የጀበናው እንፋሎት ያልፋል፣ የዕጣኑ ጢስ ግን በመስታወቱና በፍሬሙ ክፍተት ገብቶ የሚያጣብቅ ንጣፍ ይተዋል። ጽሑፉን ለክብሩ ሲሉ ከመግቢያው በር በላይ መስቀል በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ልማዱ የሚከበር ቢሆንም በሩ በተከፈተ ቁጥር የውጭው እርጥብ አየር የሚያገኘው ያንኑ ወረቀት ስለሆነ፣ በዚያ ስፍራ የታተመ ቅጂ ሰቅሎ ዋናውን ወደ ውስጥ ማስገባት የተሻለ መስሎ ይታየናል።

ሁለተኛው በፍሬሙና በግድግዳው መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት መተው ነው። ከጠርሙስ ቡሽ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸውን ቁራጮች ቆርጦ በአራቱም የጀርባ ማዕዘኖች ላይ መለጠፍ ይበቃል። ከዚህ የረከሰና ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ነገር የምናውቀው የለም።

ሦስተኛው የፍሬሙ ውስጣዊ አሠራር ነው፤ ዋናው ጥፋት የሚደርሰውም እዚህ ላይ ነው። በገበያ የተለመደው አሠራር ወረቀቱን በኮላ ከኮምፔንሳቶ ወይም ከተራ ካርቶን ጋር አጣብቆ መስታወቱን በላዩ መጫን ነው። ይህ በአንድ ጊዜ ሦስት ጉዳት ያደርሳል። መስታወቱ ሲቀዘቅዝ በውስጥ ገጹ ላይ የሚፈጠረው ጤዛ በቀጥታ ፊደሉን ያርሰዋል፤ ሙጫው ይለሰልስና ሲደርቅ ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል። እንጨቱና ተራው ካርቶን እርጥበት ሲያገኙ አሲድ እያመነጩ ወረቀቱን ያወይቡታል። በኮላ የተያዘው ወረቀት ደግሞ እርጥበቱ ሲጨምር ሊሰፋ፣ ሲቀንስ ሊሸበሸብ ይፈልጋል፤ መንቀሳቀሻ ሲያጣ ይጨማደዳል ወይም ይቀደዳል። ለአንድ ተመራማሪ አራተኛውና ምናልባትም ከባዱ ጉዳት የጀርባው መሸፈን ነው። የወቅፍ ማስታወሻ፣ የባለቤት ስም፣ የልደትና የሞት ቀን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በጀርባ ነው፤ ኮላ የበላውን ጀርባ መልሶ ማንበብ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ትክክለኛው አሠራር እንደሚከተለው ነው። ወረቀቱና መስታወቱ እንዳይነካኩ ከአሲድ ነጻ በሆነ ካርቶን የተቆረጠ ክፈፍ በመካከላቸው ይገባል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃል። ወረቀቱ የሚያያዘው በላይኛው ጠርዙ በሁለት ስፍራ ብቻ ሲሆን፣ ማያያዣውም በስንዴ ስታርች የተለጠፈ ስስ የጃፓን ወረቀት ነው። ይህ ማጣበቂያ ወደፊት በጥቂት እርጥበት ሊላቀቅ ይችላል፤ ስኮች ግን በጭራሽ አይነካው። ከጀርባው ሌላ ከአሲድ ነጻ የሆነ ካርቶን ይደረግና የመስታወቱ፣ የክፈፉና የጀርባው ጠርዝ ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ይታሸጋል። ማሸጉ ቀደም ሲል አየር ይለፍ ካልነው ጋር የሚቃረን ሊመስል ይችላል። አይቃረንም፤ አየር ማለፍ ያለበት ከፍሬሙ ውጭ፣ በጀርባውና በግድግዳው መካከል ነው። በውስጥ የምንሻው ለውጡ ቀስ እንዲል ነው። ሆኖም የታሸገው ፍሬም የገባበትን እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ሥራው በበጋ፣ በተለይም በታኅሣሥና በጥር፣ ወረቀቱ በደረቅ ክፍል ጥቂት ቀን ከቆየ በኋላ ቢደረግ ይመረጣል። በክረምት የታሸገ ፍሬም ክረምቱን በውስጡ አሽጎ ያኖራል።

እርጥበትን ለማወቅ በእጅ መዳበስ አያስተማምንም፤ አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ መግዛት ያዋጣል። ርካሾቹ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ስለሚሳሳቱ መፈተን ይገባል። በጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርጎ እስኪላቁጥ ድረስ ጥቂት ውሃ ማንጠብጠብ፣ ከመለኪያው ጋር ሳይነካካ በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቆ ማሰርና አንድ ቀን ማቆየት ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው እርጥበት 75 በመቶ ስለሚሆን መለኪያው ከዚያ የራቀበትን ያህል ማረም ይቻላል።

በጂዳ፣ በዱባይና በመሳሰሉት የባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚገጥማቸው ሁኔታ ግልባጩ ነው። እዚያ ሞቃቱና እርጥቡ አየር ያለው በውጭ፣ ቀዝቃዛው ግድግዳ ደግሞ በውስጥ ነው። አየር ማቀዝቀዣው እስከሠራ ድረስ የቤቱ አየር ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ ችግሩ የሚመጣው ለእረፍት ወደ አገር ሲገቡ ዘግተውት ሲሄዱ ነው። ከመሄዳቸው አስቀድመው ፍሬሙን ከግድግዳ አውርደው ከውጭ ግድግዳ በራቀ ቁም ሣጥን ውስጥ ቢያኖሩት ይበጃል። ማቀዝቀዣው በቀጥታ በሚነፍስበት አቅጣጫ መስቀልም አይገባም።

ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የሚሠራው ከሚተወው ያነሰ ነው። ወረቀቱ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ከተገኘ አይላቀቅ፤ የሚላቀቀው ፊደሉ ነውና። መስታወቱን ወደ ታች አድርጎ በጠረጴዛ ላይ አጋድሞ የጥበቃ ባለሙያ እስኪያየው ማቆየት ነው። ሻጋታ ከታየ በርጥብ ጨርቅ መጥረግም ሆነ በረኪና መንካት ፊደሉን ያጠፋል፤ በፀሐይ ማስጣትም ወረቀቱን ያጣምመዋል። ፍሬሙ ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር ተከፍቶ ይድረቅ። ሻጋታው ደርቆ ዱቄት ሲመስል አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ከቤት ውጭ፣ ፊደል በሌለበት ክፍል ብቻ በለስላሳ ብሩሽ ማንሣት ይቻላል። የደረቀ ሻጋታ እንዳልሞተ ግን ይታወቅ፤ እርጥበት ሲመለስ እሱም ይመለሳል።

የቁርኣን ቃል ያለበትን የተበላሸ ወረቀት በክብር ለመቅበር የሚጣደፉ ቤተሰቦች አሉ፤ ውሳኔው የነርሱ ነው። ከዚያ በፊት ግን የወረቀቱን ፊትና ጀርባ፣ ጠርዙንና የኅዳግ ማስታወሻውን ከጎኑ ማስመሪያ አድርገው በጥሩ ብርሃን ፎቶግራፍ እንዲያነሡ፣ ጽሑፉ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የቤቱን ሽማግሌዎች ጠይቀው ከፎቶግራፉ ጋር እንዲጽፉ እንለምናለን። ፍሬም ለማደስ የሚከፍቱም ሁሉ የቀድሞውን ጀርባ ካርቶን ሳይጥሉ ይመልከቱት፤ ስምና የሒጅሪያ ዓመት የሚገኘው በዚያ ላይ ሊሆን ይችላል።