የቆሻሻ ማቃጠያ ጭስና አመድ፦ ቤተሰባችንን እንዴት እንጠብቅ?

በጤና ጣቢያ የቆሻሻ ማቃጠያ (ኢንሲኔሬተር) አቅራቢያ የሚኖሩ እናቶች «ጭሱ ልጆቻችንን ይጎዳል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ አዎን፣ ሊጎዳ ይችላል የሚል ነው። ይሁን እንጂ ጉዳቱ የሚመጣው በአፍንጫ ብቻ ሳይሆን በምግብም ጭምር መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም።

ማቃጠያው ለምን አስፈለገ?

ያገለገሉ መርፌዎችና ደም የነካቸው ፋሻዎች ሜዳ ላይ ቢጣሉ ሄፓታይተስ ቢንና ኤች አይ ቪን የመሳሰሉ በሽታዎችን ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ስለዚህ እንዲቃጠሉ ይደረጋል። ማቃጠያው በደንብ እንዲሠራ ሙቀቱ ከ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መድረስ አለበት። እሳቱ ሳይግል ቆሻሻ ከተጨመረ፣ ቆሻሻው እርጥብ ከሆነ ወይም ከመጠን በላይ ከተሞላ ጥቁር ጭስ ይወጣል። በየግቢው የሚቃጠል ፌስታልና ላስቲክ ደግሞ እሳቱ ደካማ ስለሆነ ጭሱ የባሰ መርዛማ ነው።

ጭሱ ምን ይዟል?

አንደኛው በዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝ ነው። ወደ ሳንባ ጠልቆ በመግባት ሳልን ያስከትላል፣ አስምንና የልብ ሕመምን ያባብሳል።

ሁለተኛው ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ ነው። ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ፣ ለምሳሌ አንዳንድ የግሉኮስ ከረጢትና ቱቦ፣ በዝቅተኛ ሙቀት ሲቃጠል ይፈጠራል። ካንሰር ሊያመጣ፣ የልጆችንም እድገት ሊጎዳ ይችላል። መርዙ በአመዱና በአፈሩ ላይ ያርፋል። ዶሮዎች አፈሩን ሲጭሩ ወደ ሰውነታቸው ገብቶ በስባቸውና በእንቁላላቸው ውስጥ ይጠራቀማል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ገለጻ፣ ሰው ዳይኦክሲን ከሚያገኝባቸው መንገዶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በናይሮቢ ዳንዶራ የቆሻሻ መጣያ አካባቢ ከተለቀቁ ዶሮዎች የተሰበሰቡ እንቁላሎች ተመርምረው የዳይኦክሲን መጠናቸው ከአውሮፓ ኅብረት ገደብ በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኝቷል።

ምን ማድረግ እንችላለን?

• ፌስታል፣ ፕላስቲክ ጠርሙስና ጎማ በግቢ አታቃጥሉ፤ በማጠራቀሚያው ጣሉ።
• ልጆችና ዶሮዎች ወደ ማቃጠያውና ወደ አመድ ጉድጓዱ እንዳይቀርቡ አጥሩ ይጠገን።
• የማቃጠያውን አመድ ለዕቃ ማጠቢያ ወይም ለጓሮ አትክልት አትጠቀሙ። ከምድጃ የሚወጣው የማገዶ አመድ ሌላ ነው፤ ይህኛው ግን መርዛማ ብረቶችና ያልተቃጠሉ መርፌዎች ሊኖሩበት ይችላል።
• የሚቃጠልበትን ሰዓት የብሎክ ተወካያችሁን ጠይቁ። በዚያ ሰዓት ሕፃናትን፣ እርጉዞችንና አስም ያለባቸውን ጭሱ ከሚነፍስበት አቅጣጫ አርቁ።
• ወተት መጠጣት ጭሱን ከሳንባ አያጥብም። እርጥብ ጨርቅ አፍንጫ ላይ ማድረግም ደቃቁን ብናኝና መርዛማውን ጋዝ አያስቀርም። የሚያድነው መራቅ ነው።
• እናቶች ሆይ፣ ጭሱን ፈርታችሁ ጡት ማጥባት አታቋርጡ። የጡት ወተት ጥቅም ከጉዳቱ እጅግ ይበልጣል።

በጎ ፈቃደኞች ጥቁር ጭስ ደጋግሞ ሲወጣ ወይም አጥሩ ፈርሶ ሲያዩ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግበው ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ማሳወቅ ይገባቸዋል። በፍጥነት የሚተነፍስ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ሕፃን ካያችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ጤናችን በእጃችን ነው!