ሞተሩን ከማውረዳችሁ በፊት

ባለመኪናው ዋጋ ተስማምቶ ከጋራዡ ሲወጣ ከኋላው የሚባለውን ልንገራችሁ። «ይሄ ሞተር እኮ ምንም አልሆነም» ይላል አንጋፋው መካኒክ። ረዳቱ መልስ አይሰጥም፤ ቁልፉን ያነሳል። የታዘዘው ሙሉ እድሳት ነው፣ ቀብዱም የተከፈለው ለዚያ ነው። ጎንደር ውስጥ ጋራዥ አካባቢ የዋለ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ አውጥቶ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው።

የማወራው ስለ ኤንትሬ ነው፤ ስለ ፊያት 682 ኤን 3 የጭነት መኪና። የ682 ዝርያ በጣሊያን መመረት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አምቼም የፊያት ከባድ መኪኖችን እዚሁ አገራችን ውስጥ ገጣጥሟል። ጎንደርና ካሚዮን የተዋወቁት ግን በክፉ ቀን ነው፤ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከተማዋን የያዘው በካሚዮን ተጭኖ መጥቶ ነው። ከደባርቅ ቁልቁል የሚወርደውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድም ያወጣው ያው ወራሪ ነው። ከነጻነት በኋላ በዚያ መንገድ እህልና ሸቀጥ ያመላለሱት የእኛ ሾፌሮች ናቸው። ስለዚህ እነዚህ መኪኖች ቅርስ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ገና እየሠሩ ያሉ ቅርሶች።

አሁን ወደ ውስጡ ነገር ልግባ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ ከ2,800 ታልፋለች። ደባርቅ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። የኤንትሬ ሞተር ደግሞ ቱርቦ የሌለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ነው፤ ያገኘውን አየር ራሱ ስቦ ይሠራል። አየሩ ሳስቶ ናፍጣው ያው ሲሆን ጭሱ ይጠቁራል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ይጠፋል። ባለቤቱ «አርጅታለች» ይላል። ወዲያው ቴስታታው ይነሳል፣ ፒስቶን ይወጣል፣ ለዓመታት ማንም ያልነካው ብሎን ይፈታል። ከዚህም የባሰ አለ፦ ጉልበት እንድታገኝ ተብሎ የፖምፓው ናፍጣ ይጨመራል። ያኔ ጭሱም ሙቀቱም ያይላል፤ ደህና የነበረው ፒስቶን አሁን በእርግጥ ይቃጠላል። ሊማሊሞን ወርዳ ዛሪማ ቆላ ላይ ጭሷ የሚጠራ መኪና ሕመሟ የከፍታው ነው። ኮምፕሬሽን አስለኩ፣ ኖዝል አስፈትሹ፣ የአየር ፊልትሮ አጽዱ። ዘይት የማትበላ ከሆነ እዚያው ላይ ይብቃ። ፒስቶን፣ ፋሻና ብሮንዚን ጊዜያቸው ሲደርስ እንዲለወጡ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ሲያልቁ መለወጥ ነውር የለውም። ሳያልቁ መለወጥ ግን ገንዘብም ታሪክም ማባከን ነው።

ፍሬን ላይ ስንደርስ ሐሳቤ ይገለበጣል። እዚያ የምቆጥበው ነገር የለም። የድሮው የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ የሚጠበቅ ዕቃ አይደለም። ታምቡሩ ሲከፈት አቧራውን በአየር የሚነፉ ልጆች አሉ፤ ያ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ይገድላል። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። የፍሬን ቱቦ፣ ጎማ፣ የመሪ መገጣጠሚያ ያለ ክርክር በአዲስ ይተኩ። ሸክም ይዞ ሊማሊሞን ለሚወርድ ሰው፣ ከጎኑም ለሚቀመጠው ረዳት፣ ከዕቃው ዕድሜ ይልቅ ነፍሳቸው ይቀድማል።

አካሉ ላይ ደግሞ ሌላ ምስጢር አለ። የሚያብረቀርቅ ቀለም ብዙ ጊዜ ስቱኮ ደብቋል። ማግኔት ይዛችሁ በሩንና የካቢናውን ጥግ ንኩ፤ ማግኔቱ አልይዝ ካለ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ልስን ነው። ሻንሲው ላይ ቀለሙ ከወፈረ ብየዳ ፈልጉ። የኖረው ቀለም፣ የስፖንዳው ሥዕል፣ የሾፌሩ ክርን ያለሰለሰው መስኮት ካልዛገና ካልበሰበሰ ባይነካ እመርጣለሁ። አንዴ በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ በምንም ገንዘብ አይመለስም።

ይህን የጎንደር ሰው ከማንም በላይ ሊረዳው ይገባል። ፋሲል ግቢን ጣሊያኖች በሲሚንቶና በአርማታ ጠግነውት ነበር። ኋላ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ድጋፍ በተካሄደው ጥገና ያ ሥራ እየተነሳ ቀድሞ ግንቡ በተሠራበት ኖራ ተተካ። ሲሚንቶ ይጠነክራል፣ ግን እርጥበቱን አፍኖ ድንጋዩን ይጎዳል። ግንቡን ያጠነከሩ መስሏቸው ነበር።

የጥንታዊ መኪኖች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንም ባጸደቀው የቱሪን ቻርተር ተመሳሳይ ነገር ይላል፦ ያለውን መጠበቅ ይቅደም፣ የተለወጠው ይመዝገብ። ቱሪን የፊያት ከተማ ናት፤ እኛም ምክሩን ከዚያው ብንወስድ አያሳፍርም።

እንግዲህ ኤንትሬ ያላችሁ፣ ወይም ከአባታችሁ የወረሳችሁ፣ ጋራዥ ከማስገባታችሁ በፊት እያንዳንዱን ጎን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ፤ የሞተሩ ብሎክ በሌላ እንዳይለወጥ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ ደግሞ በማዳበሪያ አስሞልታችሁ ተቀበሉ። ካልጠየቃችሁ በማግስቱ ለቁራሌ ይሸጣል።