ቁጥሩ አንድ፥ አቆጣጠሩ ሁለት
በፎገራ ሜዳ የሩዝ መዝገብ ላይ ስለ ታየ የኮምፒዩተር አለመግባባት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወረታ ሲደርስ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ይታጠፋል። ከከተማይቱ እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ የተንጣለለው አገር የፎገራ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች በክረምት ሞልተው ይህን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። ውሃ የሚተኛበት ይህ መሬት፥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሩዝ ከገባበት ወዲህ፥ በአገራችን የሩዝ እርሻ ሲነሣ ስሙ በመጀመሪያ የሚጠራ ሆኗል፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከልም በዚሁ በፎገራ ይገኛል።

ስለ ሩዝ የሚደረግ ጥናት አብዛኛው መሠረቱ ቀን ነው። ዘሩ መቼ ተዘራ፥ ጎርፉ መቼ ገባ፥ አዝመራው መቼ አበበ፥ መቼስ ታጨደ ተብሎ ይጠየቃል። በሁለት ቀኖች መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ቢሳሳት፥ ዘግይቶ የሚደርሰው ዘር ቶሎ የሚደርስ ይመስላል፤ በዚህም ምክር የተመራ ገበሬ ውሃው ከማሳው ሲሸሽ ሩዙ ገና ፍሬ ሳይቋጥር ይቀርበታል። ስለዚህ የመዝገብ ስሕተት የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች በወረታ ከሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የሩዝ ማሳ መዝገቦችን ለጥናታችን ለመጠቀም በሄድን ጊዜ ሦስት አቤቱታ ሰማን። መሥሪያ ቤቱን በስም መጥራት አያስፈልግም፤ ችግሩ የብዙዎች ነውና። መዝገቦቹ የተጻፉት በማይክሮሶፍት ዎርድና ኤክሴል ነበር፤ የሚቀመጡት ግን በሊኑክስ በሚሠራ አንድ ሰርቨር ላይ ነው፤ ከእኛም አብዛኞቹ በሊኑክስ ላይ ሊብረ ኦፊስ እንጠቀማለን። አቤቱታዎቹም «ፊደሉ ተበላሸ፥ ቀኑ ተዛባ፥ በሩ ተዘጋ» የሚሉ ነበሩ። የተሰጠውም ምክንያት «ሊኑክስ ከእኛ ሥራ ጋር አይስማማም» የሚል ነበር። ነገሩን አንድ በአንድ ስንመረምረው የተበላሸ መሣሪያ አላገኘንም። ያገኘነው፥ አንዱን ቁጥር ሰውና መሣሪያ በሁለት ልዩ ልዩ አቆጣጠር የሚያነቡት መሆኑን ነው።

1ኛ፤ ስለ ፊደል

ኮምፒዩተር ፊደልን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥርን ነው። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፎንት የሚባለውም የቁጥሩን መልክ የሚሥል ነው። በቀድሞ ዘመን አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ከ256 የማይበልጥ ቁጥር ነበር። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፥ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከቦታው ያልፋል። ስለዚህ እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በቀድሞ ቅጾቻቸው የላቲን ፊደላትን ቁጥር ወስደው የአማርኛ መልክ አለበሱት። ፎንቱ ባለበት ኮምፒዩተር አማርኛ ሆኖ ይታያል፤ ፎንቱ በሌለበት ግን ልብሱ ይወልቅና ላቲኑ ራቁቱን ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ቁጥር ሦስተኛ እትሙ ሲወጣ፥ ለኢትዮጵያ ፊደል 384 ቦታዎች ለብቻው ተመደቡለት። በዚህም መሠረት «ሀ» 4608፥ «ለ» 4616 ሆኑ፤ ከእንግዲህ ወዲያ እነዚህ ቁጥሮች የማንም ሌላ ፊደል አይደሉም።

ይህን ያወቀ ሰው ስክሪኑን አይቶ በሽታውን ለመለየት አይቸገርም። ባዶ ሳጥኖች ከታዩ፥ ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የጐደለው ፎንት ነው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ የተባለውን ነጻ ፎንት መጫን ይበቃል። ትርጕም የሌላቸው ተራ የላቲን ፊደላት ከታዩ፥ ሰነዱ በቀድሞው አቆጣጠር የተጻፈ ነው፤ ወደ ዩኒኮድ በመለወጫ መሣሪያ ካልተለወጠ፥ የዩኒኮድ ፎንት ቢጫን ምንም አይረዳም። ሦስት ሦስት እየሆኑ የሚመጡ እንግዳ ምልክቶች፥ በየሦስቱም መጀመሪያ አናቱ ላይ ጭረት ያለበት የመጀመሪያው የላቲን ፊደል ከታየ፥ ሰነዱ ዩኒኮድ ነው፤ ከፋቹ ግን ሌላ ነው ብሎ ገምቷል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ ነው ሦስት ሦስት የሆነው። ሊብረ ኦፊስ ሲኤስቪ የተባለውን ተራ የሠንጠረዥ ጽሑፍ ሲከፍት የፊደሉን ዐይነት ይጠይቃል፤ ዩቲኤፍ-8 ብሎ መመለስ ነው።

ፊደሉ ደኅና ሆኖ ገጹ ብቻ ከተንሻፈፈ፥ ነገሩ ቀላል ነው። በዊንዶውስ ላይ የሚገኘው ኒያላ የተባለው ፎንት በሊኑክስ ላይ ስለማይገኝ ሌላ ፎንት ተተክቶለታል፤ የሁለቱም ስፋት አንድ ስላልሆነ መሥመሩ ይገፋል። ሁለቱም ወገኖች አንድ ነጻ ፎንት ቢስማሙበት፥ ያለቀለት ጽሑፍም በፒዲኤፍ ቢላክ ችግሩ ይቀራል።

2ኛ፤ ስለ ቀን

ፊደል ሲበላሽ ዐይን ያየዋል። ቀን ሲዛባ ግን ማንም አያየውም፤ ስለዚህ ከሦስቱ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው።

ኤክሴልም ሆነ ሊብረ ኦፊስ ቀንን የሚያስቀምጡት በአንድ ቁጥር ነው። ለምሳሌ 45181 ማለት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፥ ይኸውም መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ጸሓፊው ግን በልማዱ ሐምሌ 7 ቀን 2015ን «7/11/2015» ብሎ ይጽፋል። ኮምፒዩተሩ በእንግሊዝ ልማድ ከተዘጋጀ ኖቬምበር 7 ብሎ ያነበዋል፤ በአሜሪካ ልማድ ከተዘጋጀ ጁላይ 11 ይለዋል። እውነተኛው ቀን ደግሞ ጁላይ 14 ቀን 2023 ነው። አንድ ጽሑፍ ሦስት ቀን ሆነ ማለት ነው። መዝገቡ በኤክሴል ሰነድ ከተላለፈ ስሕተቱ ቢያንስ አንድ ሆኖ ይቆያል፥ ቁጥሩ ተቀምጧልና፤ በሲኤስቪ ከተላለፈ ግን የተቀመጠው ጽሑፉ ብቻ ስለሆነ፥ በተከፈተበት ኮምፒዩተር ሁሉ እንደ ገና ይተረጐማል። «ሊኑክስ ቀኑን አዛባው» የተባለውም ይኸው ነበር።

አንዳንዱ ሰው «ዓመቱ ቢሳሳትም የቀኖቹ ልዩነት አይለወጥም» ይላል። ይህ እውነት አይደለም። ሰኔ 25 ቀን 2015 የተዘራ ሩዝ መስከረም 20 ቀን 2016 አበበ እንበል። ከሰኔ 5፥ ከሐምሌ 30፥ ከነሐሴ 30፥ ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ከጳጉሜን 6፥ ከመስከረም 20፤ ድምሩ 91 ቀን ነው። ኮምፒዩተሩ ግን «25/10/2015»ንና «20/1/2016»ን ኦክቶበርና ጃንዩዌሪ አድርጎ ስለሚያነብ 87 ቀን ይላል። አራት ቀን ያለ ድምፅ ጠፋ።

ከዚህም የባሰ አለ። ጳጉሜን በኮምፒዩተሩ አቆጣጠር የለችም፤ 13ኛ ወር የሚባል አያውቅምና። ጥቅምት 30ም «30/2» ተብሎ ሲጻፍ ፌብሩዌሪ 30 ስለሚሆን ተቀባይነት የለውም። እንዲህ ያሉትን ቀኖች ኮምፒዩተሩ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጣቸዋል፤ ቍጥር በሚቆጠርበት ወይም የመጨረሻው ቀን በሚፈለግበት ጊዜም ያለ ማስጠንቀቂያ ይዘላቸዋል። የፎገራ ሩዝ በሰኔና በሐምሌ ተዘርቶ ክረምቱ ካለፈ በኋላ የሚታጨድ ስለሆነ፥ ጳጉሜንም ጥቅምት 30ም በአዝመራው ዘመን ውስጥ ይወድቃሉ። ገበሬው በጳጉሜን ያየው አበባ በመዝገብ ውስጥ እንዳልታየ ይቆጠራል ማለት ነው።

መፍትሔው የገበሬውን ቀን ወደ ፈረንጅ መለወጥ አይደለም፤ በዚያ ሌላ ስሕተት ይገባልና። ዓመተ ምሕረቱ፥ ወሩና ቀኑ በሦስት ልዩ ልዩ ዓምዶች እንደ ተራ ቁጥር ይጻፉ። በአራተኛው ዓምድ የሚከተለው ስሌት ይግባ፤ ዓመቱ በ365 ይባዛ፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው ተጥሎ ይጨመርበት፤ ከወሩ 1 ተቀንሶ በ30 ተባዝቶ ይጨመርበት፤ በመጨረሻም ቀኑ ይጨመርበት። የሁለት ቀኖች ልዩነት በዚህ ቁጥር ሁልጊዜ ትክክል ነው። ከላይ ያለው ምሳሌ 736364 ሲቀነስ 736273 ይሆናል፤ እርሱም 91 ነው። ከዚህ ቁጥር ላይ 691164 ቢቀነስ የኤክሴልና የሊብረ ኦፊስ የቀን ቁጥር ይገኛል፤ የፈረንጁን ቀን የሚፈልግ ከዚያ ያነበዋል።

3ኛ፤ ስለ መግቢያው በር

ከሩቅ ሆኖ ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ለመግባት የምንጠቀምበት መንገድ ኤስኤስኤች ይባላል። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ተማሪ ነበር፤ ኤስኤስኤችንም እ.ኤ.አ. በ1995 የፈጠረው ታቱ ዩሎነን በዚያው አገር በሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነበር፤ ምክንያቱም በዩኒቨርሲቲው የመረጃ መረብ ላይ የይለፍ ቃላት ተሰርቀው ነበር። መግቢያ የሚገደበው እንግዲህ በክፋት አይደለም።

ገደቡ ሲያስቸግር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የተከለከልሁት የት ላይ ነው?» የሚለው ነው። ጥሪው ምንም መልስ ሳያገኝ ጊዜው ካለፈ፥ መብራት ጠፍቷል፥ መረቡ ተቋርጧል ወይም ፋየርዎል ጥሪውን ይውጠዋል። ወዲያው «እምቢ» የሚል መልስ ከመጣ፥ ብዙውን ጊዜ ሰርቨሩ አለ፤ የኤስኤስኤች አገልግሎት ግን አልተነሣም። «ፈቃድ የለህም» ካለ፥ በሩ ላይ ደርሰናል፤ ስሙ፥ ቁልፉ ወይም የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ይመርመር። ተቀብሎ ወዲያው ካባረረ ደግሞ፥ ማንነታችን ታውቋል፤ ሒሳባችን ግን ፋይል ለማስቀመጥ ብቻ የተፈቀደ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ በኤስኤፍቲፒ መግባት ነው።

በወረታው መሥሪያ ቤት የሆነው እንዲህ ነበር። ከእኛ አንዱ በ3 ሰዓት ሲሞክር ይገባል፤ በ8 ሰዓት ሲሞክር ይከለከላል። የሰርቨሩ ኀላፊ መዝገቡን ከፍቶ 8 ሰዓት ላይ ቢፈልግ ምንም ክልከላ አላገኘም። ክልከላው የተመዘገበው 14 ሰዓት ላይ ነበር፤ የእኛ 8 ሰዓት ከቀትር በኋላ የሰርቨሩ 14 ሰዓት ነውና። ምክንያቱም ከዚሁ ተገለጠ። መግቢያው በሥራ ሰዓት ብቻ እንዲሆን ተብሎ፥ ፓም ታይም በተባለው የሊኑክስ የሰዓት ገደብ ውስጥ «ከ0230 እስከ 1130» ተጽፎ ኖሯል። ጸሓፊው ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:30 ማለቱ ነበር፤ ሰርቨሩ ግን ከሌሊቱ 8:30 እስከ ረፋዱ 5:30 ብሎ ተረዳው። «ከ0830 እስከ 1730» ተብሎ ሲታረም በሩ ተከፈተ። የሰርቨሩ ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ቢዘጋጅ ኖሮ ደግሞ ሌላ 3 ሰዓት ልዩነት ይጨመር ነበር፤ ስለዚህ የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ተብሎ መዘጋጀቱን አስቀድሞ ማየት ይገባል።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ባልደረባ በሩን ለመክፈት ብሎ የተጠቃሚዎቹን ማኅደር ሁሉ 777 በተባለው ፈቃድ፥ ማለት ማንም እንዲጽፍበት፥ ለቆት ነበር። በዚህም ምክንያት ቁልፍ የነበራቸው ሰዎችም ተከለከሉ። ኤስኤስኤች ማንም ሊጽፍበት የሚችል ቁልፍ ዝርዝርን አያምንም፤ ጠላት ስሙን ሊያስገባበት ይችላልና። የተጠቃሚዎቹ ማኅደር ባለቤቱ ብቻ እንዲጽፍበት ተመልሶ፥ የቁልፉ ማኅደር 700፥ ዝርዝሩም 600 ሲሆን ቁልፉ ሠራ። ሁሉን መክፈት ራሱ መዝጋት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የሰርቨሩን ደንብ የሚያርም ሰውም የገባበትን መስኮት ሳይዘጋ፥ ሌላ መስኮት ከፍቶ ይሞክር፤ ካልሆነ ራሱን ውጭ ቆልፎ ይቀራል። ሰርቨሩ ወረታ፥ እርሱ ባሕር ዳር ቢሆን፥ ቀጣዩ መፍትሔ መኪና መሳፈር ነው።

ማጠቃለያ

ሦስቱን አቤቱታዎች ስንደምር መንሥኤያቸው አንድ ሆኖ አገኘነው። ፊደሉ ቁጥር ነው፤ የቀድሞው ፎንትና ዩኒኮድ ለየብቻ ይቆጥሩታል። ቀኑ ቁጥር ነው፤ ገበሬውና ኮምፒዩተሩ ለየብቻ ይቆጥሩታል። ሰዓቱም እንዲሁ። ስለዚህ መሣሪያው ተበላሸ ከማለት በፊት «ይህን ቁጥር ማን በማን አቆጣጠር ጻፈው? ማንስ በማን አቆጣጠር አነበበው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የፎገራ ገበሬ ጎርፉ የገባበትን ቀን አይስትም። ቀኑን የምናስተው እኛ መዝጋቢዎቹ ነን። የኮሌጃችን ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ከገጠር የሚያመጡትን መዝገብ ከመደመራቸው በፊት፥ በውስጡ ስንት የጳጉሜን ቀን እንዳለ ቆጥረው ይዩ። አንድም ካልተገኘ፥ በጳጉሜን ማንም ወደ ማሳው ስላልሄደ ነው ብለው እንዳይደመድሙ እንመክራለን።