በጃፓን እንደምን ይኖራል?

ስለ ጃፓን በአማርኛ ከተጻፉት መጻሕፍት ስማቸው የገነነው ሁለቱ ከአንድ አካባቢ የወጡ ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. መርሐቤቴ ውስጥ ደን በተባለ ስፍራ ተወለዱ፤ በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳተሙ። ከበደ ሚካኤል የመንዝ ገርም ገብርኤል ሰው ናቸው፤ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»ን በ1946 ዓ.ም. ለአንባቢ አቀረቡ። ሁለቱንም ያስጨነቃቸው የአገር ጉዳይ ነበር። አንዲት የእስያ አገር ነጻነቷን ሳታስነካ የአውሮፓን ጥበብ እንዴት ቀሰመች? እኛስ ምን አገደን? አንድ የሃያ አምስት ዓመት ኢትዮጵያዊ እዚያው አገር ቤት ተከራይቶ፣ ቆሻሻ ለይቶ ጥሎ፣ ፀጉሩን ተሠርቶ፣ ሥራ ፈልጎ እንዴት እንደሚኖር ግን የእነሱ ጥያቄ አልነበረም። ሊሆንም አይችልም፤ በዘመናቸው እዚያ የሚኖር ወጣት ከቁጥር አይገባም ነበር።

በነገራችን ላይ ሦስተኛም ሰው አለ። ኢትዮጵያውያን ወዳጆቻቸው «ሊበን» ይሏቸው የነበሩት አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን መንዝ ተቀምጠው ካጠኑ በኋላ «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1965 እ.ኤ.አ. አወጡ። በኋላ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አይኪዶ የተባለውን የጃፓን የትግል ጥበብ ሲያስተምሩ ኖሩ፤ ኢትዮጵያንና ጃፓንን እያነጻጸሩም ጻፉ። መንዝን ያየ ሰው ስለ ጃፓን ማሰቡ የአጋጣሚ ነገር ብቻ አይመስለኝም። ለታላቅ ብድግ የሚል፣ እጅ ሲነሣ ጎንበስ የሚል፣ በልቡ ያለውን በአፉ ቶሎ የማያወጣ ሕዝብ ሁለቱም ዘንድ አለ።

ወጣቱ እንግዳ ከመጀመሪያው ጉዞ ጀምሮ ነበረ። ኅሩይ በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወደ ጃፓን ሲያቀኑ አዲሱ ሕገ መንግሥት ከታወጀ ገና ወራት ቢሆነው ነው፤ ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ደግሞ የጃፓኑን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርገው ነበር። አብረው ከሄዱት መካከል ልጅ አርአያ አበበ የተባለ የመኳንንት ወጣት ይገኝበታል። ሽማግሌው ሚኒስትር ትምህርት ቤትና ፋብሪካ ሲጎበኙ፣ ወጣቱ አገሩንም ሰዉንም ወደደ፤ ጃፓናዊት ላግባ አለ። ነገሩ እንደ ዋዛ አልቀረም። በ1934 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የባላባት ልጅ የሆነችው ኩሮዳ ማሳኮ ለሙሽርነት መመረጧ በጃፓን ጋዜጦች ወጣ። ኢጣሊያ ይህን ወዳጅነት በክፉ ዓይን ታየው ነበር፤ ጋብቻውም በዚያው ዓመት ሳይፈጸም ቀረ። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ስለ ኩሮዳ ነው። አይታው ወደማታውቀው ደጋ ለመምጣት ቆርጣ ነበር። ጃፓን ሄዶ መኖርን በተመለከተ እሷ የምታክል ደፋር ከእኛ በኩል ለማግኘት ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

ቀጥሎ ኢትዮጵያን ለጃፓናዊ ሁሉ ያስተዋወቀው ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ፣ ከጃቶ የወጣው አበበ ቢቂላ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. ኦሳካ ላይ ሲሮጥ፣ ዛሬ አሲክስ የምንለውን ኩባንያ የመሠረቱት ኦኒትሱካ ኪሃቺሮ ጫማ እንዲያጠልቅ አግባብተውታል። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ገብቶ የማራቶንን ወርቅ ደገመ፤ ከዚያም ሣሩ ላይ ተጋድሞ እግሩን ሲያፍታታ መላው ጃፓን በቴሌቪዥን አየው። ዛሬም አንድ ወጣት ከኢትዮጵያ ነው የመጣሁት ሲል፣ ዕድሜ ጠገቡ ጃፓናዊ ብዙ ጊዜ የሚመልስለት «አበበ!» ብሎ ነው። ደስ ይላል። ግን ቤት አያከራይም።

ይህን ማለቴ ለቀልድ አይደለም። የጃፓን ፍትሕ ሚኒስቴር በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ቤት ፈልገው ከነበሩት የውጭ አገር ነዋሪዎች 39.3 በመቶው «የውጭ ሰው ነህ» ተብለው ተከልክለዋል። ቤት የተገኘ እንደሆነም ክፍያው ይደራረባል። የመጀመሪያው ወር ኪራይ አለ፤ ማስያዣ አለ፤ ለባለቤቱ በስጦታ ስም የሚሰጥና የማይመለስ ገንዘብ አለ፤ ዋስ የሚሆን ጃፓናዊ ከሌለ ደግሞ ለዋስትና ድርጅት ይከፈላል። አዲስ አበባ ውስጥ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈል የተባለ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነግጥ ይሆናል።

ግን እዚያ ከመድረስ በፊት ወዲህ ያለው በር አለ። ብዙው ኢትዮጵያዊ ወጣት ጃፓን የሚገባው በትምህርት ነው፤ ወይ የጃፓን መንግሥት በኤምባሲው በኩል ፈትኖ በሚሰጠው ነጻ የትምህርት ዕድል፣ ወይም በ2013 እ.ኤ.አ. ዮኮሃማ ላይ ታውጆ ለአፍሪካውያን ማስተርስና የኩባንያ ልምምድ በሚያስገኘው የአቤ ፕሮግራም። ለአቤ ፕሮግራምም ሆነ ለኤምባሲው የድኅረ ምረቃ ዕድል ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ለዲግሪ ደግሞ 12ኛ ክፍልን ማለፍ። በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፉ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ውጊያው ትምህርት ቤት ዘግቷል፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፍቶ ከርሟል። ማመልከቻው በኢንተርኔት የሚሞላ፣ ፈተናው አዲስ አበባ የሚሰጥ ዕድል፣ መሐል ሜዳ ወይም ራቤል ለተቀመጠ ተመራቂ ወሬው ራሱ የሚደርሰው ቀኑ ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመንዝና ከግሼ ወጣት ብዙው የሚያውቀው የስደት መንገድ ሌላ ነው፤ ወደ ዓረብ አገር። ጃፓንን የሚያውቃት በጭነት መኪናዋ በአይሱዙ ነው፤ ያችኑ በፍጥነቷ «አልቃይዳ» የሚሏትን።

እንግዲህ ሁሉንም ያለፈች አንዲት የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ልጅ ነበረች እንበል። ጀማን ተሻግራ፣ በሙከ ጡሪ አድርጋ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ቶኪዮ ናሪታ። አየር ማረፊያው ላይ የነዋሪነት ካርድ ይሰጣታል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ካርዱ ከእጇ አይለይም፤ ፖሊስ አሳዪ ካላት ማሳየት ግዴታዋ ነው። በ14 ቀን ውስጥ ቀበሌ ሄዳ አድራሻዋን ታስመዘግባለች፤ ጤና መድኅን ትገባለች፤ ስትታመም ከሕክምናው ወጪ እሷ የምትከፍለው 30 በመቶውን ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከስሟ ነው። የጃፓን ቅጽ የቤተሰብ ስም አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ፓስፖርቷ ላይ ደግሞ በዚያ ቦታ የሰፈረው የአያቷ ስም ነው። መምህሩም፣ የባንክ ሠራተኛውም፣ ነርሷም በአያቷ ስም እየጠሩ «ሳን» ይጨምሩበታል። አያትየው በሕይወታቸው ደብረ ብርሃንን አልፈው የማያውቁ ገበሬ ይሆኑ ይሆናል፤ ስማቸው ግን ቶኪዮ ውስጥ በየወረፋው ይጠራል። ያገባች እንደሆነማ ባል ሌላ፣ ሚስት ሌላ፣ ልጅ ሌላ «የቤተሰብ ስም» ለምን እንደያዙ በየመስኮቱ ስታስረዳ ትውላለች።

ቀጥሎ ቆሻሻ። የሚቃጠለው በሳምንት ሁለት ቀን፣ የማይቃጠለው በሌላ ቀን፣ ጠርሙስና ጣሳ በሌላ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑ ወልቆ፣ ወረቀቱ ተልጦ፣ ታጥቦ። ከረጢቱ ውስጡ የሚያሳይ መሆን አለበት፤ የሚወጣው በዕለቱ ጠዋት እንጂ በዋዜማው ማታ አይደለም። ያለ ቀኑ የወጣ ከረጢት ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት እዚያው ይቀራል፤ ጎረቤት ሁሉ የማን እንደሆነ ይገምታል። ማንም አይጮኽባትም፤ ከባዱም ይኸው ነው። የአገሯ ሰው «አንቺ ልጅ፣ ነውር ነው!» ብሎ አንዴ ተቆጥቶ ይጨርስላት ነበር። እዚህ ግን ቅሬታው ለአከራዩ ድርጅት ይደርሳል፤ ድርጅቱም በትሕትና የተጻፈ ደብዳቤ በሩ ሥር ይከታል።

ቡና ማፍላትም ብልሃት ይጠይቃል። በየመኖሪያ ቤቱ ጣሪያ የጢስ መጠቆሚያ እንዲተከል ሕግ ያስገድዳል። ቡናው ሲቆላ መስኮት ተከፍቶ፣ ማራገቢያው እየጮኸ፣ አንዷ ፎጣ ይዛ መጠቆሚያው ሥር ቆማ እያራገበች ነው።  ጤፍ ሲጠፋ ወይም ሲወደድ እንጀራው በሩዝ ወይም በስንዴ ዱቄት ይደገፋል፤ ዓይኑ አይበዛም እንጂ ሆድ ይሞላል። ብርዱን ግን የደጋ ልጅ ትችለዋለች። የጃፓን ቤት ግድግዳው ስስ ነው፤ ማሞቂያው የሚሠራው ሰው ባለበት ክፍል ብቻ ነው። ከመንዝ የመጣ ሰው ሻንጣው ላይ የሱፍ ባናውን ቢጭን አይቆጨውም።

ቋንቋው የዋና ዋናዎቹ ሁሉ ዋና ነው። እያንዳንዱ ምልክት አንድ ድምፅ የሚይዝበትን ሂራጋና ፊደል የቆጠረ ሰው ቶሎ ይይዘዋል፤ መሠረታዊዎቹ 46 ናቸው። ካንጂ የሚባለው ሌላው አጻጻፍ ነው ጉድ፤ ትምህርት ቤት የሚማሩት ብቻ 2,136 ነው። ለታላቅና ለታናሽ ግሱ ይለወጣል፤ «አንቱ» ማለት ለለመደ አፍ ይህ አይከብድም። ዝምታውን ማንበብ ግን ሌላ ትምህርት ነው። «ትንሽ ያስቸግራል» ሲሉ አይሆንም ማለታቸው እንደሆነ ለመረዳት ዓመት ይፈጃል፤ ምንም እንኳ በእኛም አገር «እስቲ እናያለን» የሚባለው ከዚያ ብዙ ባይርቅም።

አለባበስና ፀጉር እንደ ቀላል ነገር ይታያል፤ ቀላል ግን አይደለም። ሃራጁኩ ላይ ፀጉሩን ሮዝ ያቀለመ ወጣት ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ሥራ ፍለጋ ሲመጣ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ጫማ ያደርጋል። ፀጉር ይታሰራል፤ ጌጥ ይወልቃል። ሂሜጂ ከተማ ውስጥ አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ የሆነ ተማሪ በ2023 እ.ኤ.አ. ሹሩባ ተሠርቶ ለምረቃ ቢመጣ፣ ከጓደኞቹ ተነጥሎ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ ብዙ አነጋገረ። የቶኪዮ አስተዳደር ትምህርት ቤቶች የተማሪ ፀጉር በግድ ጥቁር ይሁን የሚለውን ደንብ የተዉት በ2022 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ነው። ሹሩባ የክብር ምልክት በሆነበት አገር ላደገ ሰው ይህ ግራ ያጋባል። ሠሪዋም እንደ ልብ አትገኝም፤ ብዙዎቹ እርስ በርስ እየተሠራሩ ነው የሚኖሩት።

ሥራን በተመለከተ የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው ፈቃድ አውጥቶ በትምህርት ወቅት በሳምንት 28 ሰዓት ብቻ ይሠራል። ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቶኪዮ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 1,226 የን ነው፤ ስለዚህ በሳምንት 34,328 የን። ምሽቱን ሱቅ ዕቃ መደርደር፣ ምግብ ቤት ሳሕን ማጠብ፣ ሆቴል አልጋ ማንጠፍ፣ ሌሊት መጋዘን ዕቃ መለየት፤ ቋንቋ ያልጠራለት እነዚህን ያገኛል። ከ28 ሰዓት ማለፍ የሚያጓጓ ቢሆንም ቪዛ ሲታደስ ይታያል፤ ያሳግዳልም። በጃፓን መንግሥት ዕድል ማስተርስ የሚማሩት በወር ወደ 144,000 የን ስለሚያገኙ ይሻላቸዋል።

ከሁሉም የሚለየው ዮፁጊ የሚኖረው ወጣት ነው። ዮፁጊ በቶኪዮ ካፁሺካ ቀበሌ፣ ትንንሽ ፋብሪካዎች የበዙበት ሠፈር ነው፤ የባቡር ጣቢያው ካፒቴን ፁባሳ በተባለው የካርቱን ኳስ ተጫዋች ሥዕል ያጌጠ ነው። ኢትዮጵያውያን እዚያ ተሰባስበው «አደይ አበባ» የተባለ ማኅበር አቋቁመዋል፤ እንጀራ የሚቀርብበት ቤትም አለ። ብዙዎቹ ጥገኝነት የጠየቁ ናቸው። ጃፓን በ2023 እ.ኤ.አ. በስደተኝነት የተቀበለችው 303 ሰው ብቻ ሲሆን በዚያው ዓመት ያመለከተው 13,823 ነበር። ከማቆያ በጊዜያዊነት የተለቀቀ ሰው መሥራት አይፈቀድለትም፤ ጤና መድኅን የለውም፤ ያለ ፈቃድ ከሚኖርበት አውራጃ አይወጣም። ታዲያ ምን በልቶ ይደር? ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሦስተኛ ጊዜ ያመለከተውን መመለስ ተችሏል። የአበበ ቢቂላ ወዳጅነት እዚህ ላይ አያግዝም፤ ሕጉ የሚያውቀው ወረቀት ነው።

በሌላ በኩል አገሪቱ ሰው ይጎድላታል። በ2024 እ.ኤ.አ. የተወለዱት ጃፓናውያን ወደ 686,000 ብቻ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የውጭ ነዋሪዎች ቁጥር 3,768,977 ደረሰ። ኢትዮጵያውያኑ በመቶዎች እንጂ በሺዎች የሚቆጠሩ አይደሉም። እንዲያም ሆኖ የአፍሪካ ስም ሲነሣ የሚደነግጥ አለ። በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ጃይካ የተባለው የጃፓን የትብብር ድርጅት አራት የጃፓን ከተሞችን ከናይጄሪያ፣ ከጋና፣ ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ጋር ሊያወዳጅ ሲነሣ፣ «አፍሪካውያን ሊሰፍሩብን ነው» የሚል የሐሰት ወሬ ተነዛ፤ ከተሞቹ በስልክና በኢሜይል ተጨናነቁ፤ በመስከረም ዕቅዱ ተሰረዘ። ሕዝቡ ክፉ ስለሆነ አይመስለኝም። ጎረቤቱን የማያናግር ሰው ስለ ጎረቤቱ የሚሰማውን ቶሎ ያምናል፤ ዮፁጊ ውስጥ ዓመታት አብረው የኖሩት ግን በበዓል ቀን እንጀራ ይቀማምሳሉ።

ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ሥራ እንዲፈልግ ስድስት ወር ይሰጠዋል፤ አንዴ ሊራዘም ይችላል። ካገኘ ቪዛው ይለወጣል፤ ካላገኘ ይመለሳል። በአቤ ፕሮግራም የሄዱት መጀመሪያውኑ ሲላኩ ተመልሰው በጃፓን ኩባንያዎችና በአገራቸው መካከል ድልድይ ይሆናሉ ተብሎ ነው። ካይዘን ለተባለው የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል፤ በየመሥሪያ ቤቱ የካይዘን ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከጃፓን የተመለሰው ወጣት ሰሌዳውን አይቶ ፈገግ ይላል፤ ከዚያ የተማረው ማሽን የሚገኝበትን፣ ካልሆነም ደመወዙ የቤት ኪራይ የሚችልበትን መሥሪያ ቤት ሲፈልግ ይከርማል። ጓደኞቹ የጀርመን ወይም የካናዳ ማመልከቻ ይልኩለታል። ከተመላሾቹ አንዳንዶቹ ይሄዳሉ፤ ሌሎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ያስተምራሉ፤ ከተማሪዎቻቸውም የኤምባሲው ፈተና መቼ እንደሆነ የሚጠይቅ አይጠፋም።