ተሽሎኛል ብሎ ኪኒን ማቆም

ልብ ደምን ወደ ሰውነታችን ሁሉ የምትገፋ ጡንቻ ናት። እርሷም ራሷ ደም ያስፈልጋታል። ይህን ደም የሚያደርሱላት የደም ሥሮች አሉ። ከእነዚህ አንዱ በስብና በረጋ ደም ድንገት ሲደፈን፣ ቦዩ በደለል እንደ ተደፈነበት ማሳ፣ ያ የልብ ክፍል ይሞታል። ሰውየው ደረቱን ጨምድዶ ያመዋል፤ ያልበዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ታክሞ የተረፈ ሰው ኪኒን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አስፕሪኑ ደም እንዳይረጋ ነው። ሌላው በደም ውስጥ ያለውን ስብ ይቀንሳል፤ ሌላው የደም ግፊት ያወርዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰውየው ይበረታል፤ ሞፈር መጨበጥ ያምረዋል። ያን ጊዜ፣ «ድኛለሁ እኮ! ኪኒኑ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። የሞተው ጡንቻ ተመልሶ አይበቅልም። የደም ሥሮቹም ውስጣቸው እንደ ጠበበ ነው። ኪኒኑ ሲቋረጥ ደሙ እንደገና ሊረጋ ይችላል።

ስለዚህ ኪኒኑ ሳያልቅ ወደ ሕክምናው ቦታ መሄድ ነው። መንገዱ ሩቅ መሆኑን እናውቃለን፤ ከገበያ ቀን ጋር ብናገጥመው ይቀላል። ጾም ሲገባም በራሳችን አናቁም፤ የሚወሰድበትን ሰዓት ሐኪሙን እንጠይቅ። የጎረቤት ኪኒን መዋስማ ፈጽሞ አይሆንም። ማንበብ የቻልን ደግሞ በተወሰደበት ቀን ሁሉ ወረቀት ላይ ምልክት እናድርግ።

ትምባሆ፣ ጋያም ሆነ ሲጋራ፣ ጨርሶ ይቅር። ጨውና ቅቤ ይቀነስ። ይህን ግን ወጥ የሚሠራውም ሰው መስማት አለበት፤ አለዚያ በሽተኛው ብቻውን ምን ያደርጋል?

ደረቱን እንደገና ካመመው፣ «ቆይ፣ ያልፍልኛል» አይበል። ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል እንውሰደው።