ማሰሻ፣ ሞተር፣ ቅጥያ፤ የድረ ገጽ ማሰሻዎችን ለማነጻጸር ስለሚያስፈልጉ ቃላት

እንደሚታወቀው አንድ አዲስ መሣሪያ ወደ አገር ሲገባ በአብዛኛው የባዕድ ስሙን እንደያዘ ይገባል። ስሙም ለጊዜው ያገለግላል። ችግር የሚፈጠረው ተጠቃሚው መሣሪያውን ከሌላው ጋር አነጻጽሮ ለመምረጥ፣ ክፍሎቹን ለይቶ ለመጠየቅና ከጉዳቱም ለመጠንቀቅ በሚፈልግበት ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ የመሣሪያው ስም ብቻ አይበቃውም፤ የክፍሎቹንም ስም ይፈልጋል።

«ብራውዘር» እየተባለ የሚጠራው የኮምፒዩተርና የስልክ ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በዕለት ተዕለት ንግግር አንዳንዱ ይህን ፕሮግራም «ኢንተርኔት» ይለዋል፤ ሌላው «ጉግል» ይለዋል። «ኢንተርኔቱ ዛሬ ቀርፋፋ ነው» የሚል ሰው ያስቸገረው ነገር የመስመሩ መድከም፣ የስልኩ ማርጀት፣ የገጹ በማስታወቂያ መጨናነቅ ወይም የፕሮግራሙ የራሱ ክብደት ሊሆን ይችላል። አራቱም በአንድ ስም እስከተጠሩ ድረስ መፍትሔውን ለይቶ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ እነዚህ ፕሮግራሞች በፍጥነት፣ በአገልግሎትና በተጨማሪ መሣሪያዎቻቸው እንዴት እንደሚነጻጸሩ እያስረዳን፣ ለንጽጽሩ የሚያስፈልጉትን የአማርኛ ቃላት እንመረምራለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ስለ መሣሪያው ስም

ይህ ፕሮግራም ከሩቅ ኮምፒዩተር ገጽ ጠይቆ የሚያመጣ፣ የመጣለትንም ጽሑፍ፣ ሥዕልና ትእዛዝ አቀናብሮ በመስኮት የሚያሳይ ነው። የመጀመሪያውን በ1990 የሠራው ቲም በርነርስ ሊ ሲሆን፣ ቦታውም በጄኔቭ አጠገብ የሚገኘው ሰርን የተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ነው። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ «ወርልድ ዋይድ ዌብ» ተብሎ ነበር። ሆኖም ይህ የድሩ የራሱ ስም ስለሆነ፣ መሣሪያው ከድሩ ጋር እንዳይምታታ ኋላ «ኔክሰስ» ተባለ። እንግዲህ መሣሪያውንና በመሣሪያው የሚታየውን ነገር በአንድ ስም መጥራት የሚያስከትለው ችግር በእኛ ቋንቋ ብቻ የተፈጠረ አይደለም፤ ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

ከዚያ በኋላ ሞዛይክ በ1993፣ ኔትስኬፕ ናቪጌተር በ1994፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በ1995፣ ኦፔራ በ1996፣ ሳፋሪ በ2003፣ ፋየርፎክስ በ2004፣ ክሮም በ2008፣ ኤጅ በ2015 ለሕዝብ ቀረቡ። ሞዛይክና ኔትስኬፕ ዛሬ ታሪክ ሆነዋል፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም በ2022 ከአገልግሎት ተሰናብቷል።

ለዚህ መሣሪያ በአማርኛ «መቃኛ»፣ «ዳሳሽ»፣ «አሳሽ» እና «ማሰሻ» የሚሉ ስሞች ሲሠራባቸው ይታያል። «መቃኛ» ከ«ቃኘ» የወጣ ነው፤ አካባቢን ተመለከተ፣ ሰለለ ማለት በመሆኑ ለጉዳዩ ቅርብ ነው። ነገር ግን ክራርንና ሬዲዮንን ከመቃኘት ጋር የጸና ትስስር አለው። «ዳሳሽ» ደግሞ ሙቀትን፣ ብርሃንንና እንቅስቃሴን ለሚለዩ መሣሪያዎች እያገለገለ ስለሆነ ለእነርሱ ቢተው ይሻላል።

የቀሩት ሁለቱ፣ «አሳሽ» እና «ማሰሻ»፣ «አሰሰ» ከሚለው ግሥ የተገኙ ናቸው፤ ይኸውም እየዞረ ፈለገ፣ በረበረ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰዋስው ነው። የቋንቋችን ሕግ አድራጊውን ከመሣሪያው ይለያል፤ ጠራጊና መጥረጊያ፣ ቆፋሪና መቆፈሪያ፣ ጸሐፊና መጻፊያ እንላለን። በዚህ ሕግ መሠረት «አሳሽ» ሰውየው ነው፤ «ማሰሻ» ደግሞ የሚያስስበት ዕቃ ነው። ተጠቃሚው አሳሽ፣ ፕሮግራሙ ማሰሻ ቢባሉ ሁለቱም ቦታ ቦታቸውን ያገኛሉ።

«ማሰሻ» ላይ የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ። እንጀራ ጋጋሪዋ ምጣዱን የምታስስበት ጨርቅም ማሰሻ ይባላልና ቃሉ ማድ ቤትን ያስታውሳል የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ግን ጉዳት አያስከትልም። «ቁልፍ» የሚለው ቃል የበሩን፣ የሸሚዙንና የኮምፒዩተሩን ቁልፍ ሁሉ ይጠራል፤ ሰሚውም ከአገባቡ ያለ ችግር ይለየዋል። እንዲያውም ከጓዳ የተገኘ ቃል ከሰው አፍ ቶሎ ይገባል።

ማሰሻን ከ«መፈለጊያ» መለየትም ያሻል። መፈለጊያ የምንለው የተጻፈለትን ቃል ይዞ ያ ቃል የሚገኝባቸውን ገጾች የሚዘረዝረውን አገልግሎት ነው። ጉግል መፈለጊያ ነው፤ ክሮም ማሰሻ ነው። ባለቤታቸው አንድ ኩባንያ ቢሆንም ሥራቸው የተለያየ ነው፤ በፋየርፎክስ ማሰሻ በጉግል መፈለግ፣ በክሮምም ማሰሻ በሌላ መፈለጊያ መጠቀም ይቻላል።

፪. ስለ ሞተር

ሁለት መኪኖች በቀለምና በአካል ተለያይተው በውስጣቸው አንድ ዓይነት ሞተር ሊኖራቸው ይችላል። ማሰሻዎችም እንዲሁ ናቸው። ገጹን አንብቦ በመስኮቱ ላይ የሚያቀናብረው የውስጥ ክፍል ሞተር ይባላል። ቃሉ ባዕድ ቢሆንም ከተለመደ ብዙ ዘመን ስለሆነው አዲስ ስም መፈለግ አያስፈልግም። ሆኖም መፈለጊያውን «የፍለጋ ሞተር» ማለት ሁለቱን መልሶ ያደባልቃልና መተው ይገባዋል።

ዛሬ በስፋት የሚሠራባቸው ሞተሮች ሦስት ናቸው፤ ብሊንክ፣ ዌብኪትና ጌኮ። የሁለቱ የትውልድ ሐረግ ከአንድ ሥር እንደወጡ ቃላት ነው። ኬኤችቲኤምኤል ከተባለው ሞተር በመነሣት የአፕል ኩባንያ ዌብኪትን አወጣ፤ ከዌብኪት ደግሞ የጉግል ኩባንያ በ2013 ብሊንክን ለየ። ሳፋሪ በዌብኪት፣ ክሮም በብሊንክ ይሠራሉ። ኦፔራ የራሱን ሞተር በ2013 ትቶ፣ ኤጅም በ2020 የቀድሞውን ሞተር ለውጦ ሁለቱም ወደ ብሊንክ ገብተዋል። ፋየርፎክስ በጌኮ ይሠራል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ክሮምን፣ ኤጅንና ኦፔራን በፍጥነት የሚያነጻጽር ሰው በአብዛኛው አንድን ሞተር ከራሱ ጋር ያነጻጽራል፤ እውነተኛው ልዩነት በአካሉና በተጨማሪ አገልግሎቱ ላይ ነው። በአንጻሩ ስሙ አንድ ሆኖ ሞተሩ የተለያየ ማሰሻም አለ። በአይፎን ስልክ ላይ ያለው ፋየርፎክስ ለብዙ ዓመታት የሠራው በጌኮ ሳይሆን በዌብኪት ነው፤ የአፕል ደንብ ሌላ ሞተር አይፈቅድም ነበርና። ይህ ደንብ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ2024 ላልቷል።

፫. ስለ ፍጥነት

«ፈጣን» የሚለው ቃል ለብቻው ሲቀመጥ ምን እንደሚፈጥን አይናገርም። የማሰሻ ፍጥነት ቢያንስ ሦስት ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ ለመነሣት የሚወስድበት ጊዜ፣ ገጽን አምጥቶ ለማሳየት የሚወስድበት ጊዜ፣ ገጹ ከቀረበ በኋላም የተጠቃሚውን ትእዛዝ ለመፈጸም የሚወስድበት ጊዜ።

እዚህ ላይ አንድ የአማርኛ ቃል እንቅፋት ይሆናል። «መጫን» የሚለው ግሥ ዛሬ በሦስት ፍቺ ያገለግላል። ፕሮግራምን በኮምፒዩተር ላይ ማኖር መጫን ነው፤ ገጽ መጥቶ መታየትም መጫን ይባላል፤ ቁልፍን በጣት መንካትም መጫን ነው። እንግዲህ «የመጫን ፍጥነት» የተባለ እንደሆነ አንባቢው የትኛውን ይረዳ? እኛ «መጫን» ለመጀመሪያው ፍቺ ብቻ ተወስኖ፣ ለገጹ «መከፈት»፣ ለጣቱ «መንካት» ወይም የተለመደው «ጠቅ ማድረግ» ቢያገለግሉ ችግሩ ይወገዳል እንላለን።

ፍጥነትን ለመለካት የተዘጋጁ መመዘኛዎች አሉ። አፕል በ2007 ሰንስፓይደርን፣ ጉግል በ2012 ኦክቴንን አውጥተው ነበር። መሐንዲሶች ማሰሻውን ለመመዘኛው ብቻ ማስተካከል ስለጀመሩ፣ ውጤቱ ከዕለት ተዕለት ሥራ እየራቀ ሄደ፤ ኦክቴንም በ2017 በዚሁ ምክንያት ተቋረጠ። ስፒዶሜትር የተባለው መመዘኛ ተጠቃሚ በገጽ ላይ የሚያደርገውን፣ ለምሳሌ በሥራ ዝርዝር ላይ መጨመርና መሰረዝን፣ አስመስሎ ይለካል። በ2024 የወጣው 3ኛው እትሙ ተፎካካሪዎቹ የሞተር ባለቤቶች በጋራ ያዘጋጁት ነው። ይህ ግን የሚለካው ከላይ ከዘረዘርናቸው ሦስት ፍጥነቶች ሦስተኛውን ነው።

መስመሩ ደካማ በሆነበት ቦታ የሚበልጠው ጉዳይ የሚመጣው ዕቃ ክብደት ነው። አንዳንዶች የፊደላችንን ክብደት ይወቅሳሉ። በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት፣ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ይወስዳል። ይሁን እንጂ የእኛ ፊደል አናባቢውን ከተነባቢው ጋር ያቀፈ ስለሆነ «ሰላም» በ3 ፊደል 9 ባይት ሲሆን፣ በላቲን ፊደል ቢጻፍ 5 ባይት ይሆናል። ይህ ልዩነት ከአንድ ፎቶግራፍ ወይም ከአንድ ማስታወቂያ ክብደት ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። ኦፔራ ሚኒ የተባለው የስልክ ማሰሻ ፈጣን የሚባለው በሞተሩ ጉልበት ሳይሆን፣ ገጹን በኩባንያው ኮምፒዩተሮች አስቀድሞ አሳንሶ ስለሚልክ ነው። ዋጋውም የሚነበበው ገጽ በሦስተኛ ወገን እጅ ማለፉ ነው።

፬. ስለ አገልግሎቶች

አንዳንድ የአገልግሎት ስሞች ተሳክቶላቸዋል። «ዕልባት» የብራና መጻሕፍት አንባቢ የሚፈልገውን ቅጠል የሚያገኝበት ምልክት ነው፤ ዛሬም የተወደደ ገጽ አድራሻ የሚቀመጥበትን ቦታ ይጠራል። «መሸጎጫ» የታዩ ገጾችን ክፍሎች ለድጋሚ ጥቅም የሚያኖረው ማኅደር ነው። ሁለቱም ሥራውን በትክክል ይናገራሉ።

ሥራውን በትክክል የማይናገር ስም ግን ተጠቃሚውን ይጎዳል። የክሮም አማርኛ ትርጉም «ማንነት የማያሳውቅ» የሚለው መስኮት አለ። ስሙን ያነበበ ሰው ማንም አያውቀኝም ብሎ ይተማመናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። መስኮቱ የሚያደርገው ሲዘጋ የጉብኝቱን ታሪክ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ አለማስቀረት ነው፤ የሚጎበኘው ድረ ገጽ፣ መስመሩን የሚሰጠው ድርጅትና የመሥሪያ ቤቱ የመረብ ኃላፊ አሁንም ሊያዩት ይችላሉ። በዚሁ ጉዳይ በአሜሪካ በ2020 በጉግል ላይ ክስ ተመሥርቶ፣ ኩባንያው በ2024 የሰበሰበውን ብዙ መረጃ ለመደምሰስ ተስማምቷል። «ታሪክ የማይመዘግብ መስኮት» ቢባል ስሙ ከሥራው ጋር ይስማማል።

የአማርኛ አንባቢ ሊጠይቀው የሚገባ ሌላም አገልግሎት አለ። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ወዲህ በሁሉም ማሰሻ ይታያል። ነገር ግን በተለመደው አሠራር የገጽ ውስጥ ፍለጋ «ፀሐይ» ተብሎ ሲጠየቅ «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ቆጥሮ የሚፈልግ መሣሪያ ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛም ሆነ ለተማሪ ከጥቂት የፍጥነት ብልጫ ይልቅ ይጠቅማል።

፭. ስለ ቅጥያና ተሰኪ

በማሰሻ ላይ የሚጨመሩ አነስተኛ ፕሮግራሞች «ቅጥያ» ይባላሉ። በሰዋስው ቅጥያ ለብቻው አይቆምም፤ ከቃል ጋር ተጣብቆ ግን የቃሉን ፍቺ ይለውጣል። «ልጅ» ላይ «ነት» ሲቀጠል «ልጅነት» ይሆናል። የማሰሻ ቅጥያም እንዲሁ ራሱን ችሎ አይሠራም፤ ከተቀጠለ በኋላ ግን በማሰሻው ዓይን ያያል፣ በማሰሻውም እጅ ይጽፋል። በሁሉም ገጽ ላይ ያለውን እንዲያነብና እንዲለውጥ የተፈቀደለት ቅጥያ ተጠቃሚው የሚጽፈውን የምሥጢር ቃል ሳይቀር ሊያይ ይችላል። «ተጨማሪ» የሚለው ስም ይህን ሥልጣን ስለሚሸፍን «ቅጥያ» ይመረጣል። ዘ ግሬት ሰስፔንደር የተባለው የክሮም ቅጥያ በ2020 ለሌላ ባለቤት ተሽጦ፣ ጎጂ ትእዛዝ ተገኝቶበት በ2021 መወገዱ የሚዘነጋ አይደለም።

ቅጥያዎች በየማሰሻው አንድ አይደሉም። ፋየርፎክስ በ2017 የቀድሞ ቅጥያዎቹን ትቶ ለክሮም ቅርብ የሆነ ሥርዓት ተቀበለ። ክሮም ደግሞ በ2024 እና በ2025 በአሮጌው ደንብ የተሠሩትን አቋረጠ፤ ማስታወቂያ የሚከለክለው ዩብሎክ ኦሪጂን በሙሉ ኃይሉ በክሮም ላይ መሥራቱ ቀረ። ፋየርፎክስ ግን ለዚህ ዓይነት ቅጥያ የሚያስፈልገውን ሥልጣን አልነፈገም። ማስታወቂያ መከልከል የገጹን ክብደት ስለሚቀንስ፣ በቅጥያ ላይ የተደረገው ውሳኔ ፍጥነትንም ይነካል።

«ተሰኪ» ከቅጥያ የተለየ ነው፤ ማሰሻው ራሱ የማያውቀውን ዓይነት ይዘት ለማሳየት በጎን የሚሰካ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነበር። ከእነርሱ ዋናው ፍላሽ በ2020 መጨረሻ ተቋርጧል። ስለዚህ ቃሉ በመዝገበ ቃላት ሲገባ «የቀድሞ» የሚል ምልክት ያስፈልገዋል።

፮. የቃላቱ ፍቺ በአጭሩ

ማሰሻ፦ ገጽን ከሩቅ ኮምፒዩተር አምጥቶ የሚያሳይ ፕሮግራም።
አሳሽ፦ በማሰሻ የሚጠቀም ሰው።
መፈለጊያ፦ በተሰጠው ቃል ገጾችን ፈልጎ የሚዘረዝር አገልግሎት።
ሞተር፦ ገጽን አንብቦ የሚያቀናብር የማሰሻ የውስጥ ክፍል።
መከፈት፦ የገጽ መጥቶ መታየት።
መጫን፦ ፕሮግራምን ወይም ቅጥያን በመሣሪያ ላይ ማኖር።
ታሪክ የማይመዘግብ መስኮት፦ የጉብኝትን ታሪክ በመሣሪያው ላይ የማያስቀር መስኮት።
ቅጥያ፦ ከማሰሻ ጋር ተጣብቆ በማሰሻው ሥልጣን የሚሠራ አነስተኛ ፕሮግራም።
ተሰኪ (የቀድሞ)፦ ልዩ ይዘትን ለማሳየት በማሰሻ ላይ ይሰካ የነበረ ፕሮግራም።

የቃል ዕድል በመጨረሻ የሚወሰነው በተናጋሪው አፍ ነው። ሆኖም ማሰሻ የሚመርጥ ሰው «ፈጣኑ የቱ ነው?» ከማለት አልፎ «ሞተሩ ምንድን ነው? የሚፈጥነውስ ምኑ ነው? ቅጥያውስ ምን ሥልጣን ይጠይቃል?» ብሎ በራሱ ቋንቋ መጠየቅ ከቻለ፣ ስያሜው የታሰበለትን ሥራ ፈጽሟል። ከዚህ የተሻለ ቃል ያላቸው አንባብያን ከነምክንያቱ ቢያቀርቡ በደስታ እንቀበላለን።